ብርቅነሽን ያማራት ሆት ዶግ

ጠጋ በሉና ስሙ። ነገሩ አጭር ነበር፤ ያስረዘሙት የሶዶ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ምን ላድርግ።

ወጋሶ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ሚስቱ ብርቅነሽ ትባላለች። ብርቅነሽ ፀንሳ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች፣ እህል ግን አልስማማ ብሏታል። ገንፎ ቀረበላት፣ መለሰችው። ሾርባ ቀረበላት፣ መለሰችው። አራት ቀን እንዲህ ሆና ፊቷ አለቀ። ወጋሶም ሐሳብ ገብቶት የአንዱን ሰው ሱሪ እግር ከሌላው ሰው ሱሪ እግር ጋር ሰፋው። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ብርቅነሽ ከትራሷ ቀና አለችና፣ "ወጋሶ፣ ሆት ዶግ አማረኝ" አለችው።

"ሆት ዶግ? አሁኑኑ!" ጫማውን ማድረግ ጀመረ።

"ቆይ እንጂ! ካቻፕ እንዳያደርግበት፣ ሽታው ያጥወለውለኛል። ከላዩ አይብ ይሁንበት፤ አይቡ ላይ ደግሞ የሚያቃጥል ዳጣ።"

"ሆት ዶግ ላይ አይብና ዳጣ?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ እሱ ነው ያማረኝ። ደግሞ ለማንም እንዳትናገር። ማልልኝ።"

ማለላት። ባለፈው ዓመት ገና በሁለተኛው ወር ለጎረቤት ነግረው፣ እንኳን ደስ አላችሁ የሚለው ሰው ሳያልቅ ፅንሱ ወርዶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርቅነሽ የሰው አፍ ትፈራለች፤ እሱም ስለ እሷ ይፈራል።

የመናኸሪያው በር ላይ ዳንጊሶ ጋሪውን አቁሞ ሆት ዶግ ይሸጣል። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

"ዳንጊሶ፣ አንድ ሆት ዶግ። ከላዩ አይብና ዳጣ አድርግበት።"

ዳንጊሶ ቋሊማውን እንዳንጠለጠለ ቀረ። "ምን አልክ? አይብና ዳጣ ከክትፎ ጋር ነው። ሆት ዶግ ካቻፕ አለው፣ ሰናፍጭ አለው፣ ለቀበጠ ሰው ማዮኔዝ አለው። በቃ! ለመሆኑ ለማን ነው?"

"ለ... ለራሴ ነው።"

"ለራስህ ከሆነማ ምን አስቸኮለህ! አይቡን ፈልገህ አምጣ፣ ከዚያ እናያለን።"

ወጋሶ ሄደ። አይብ ከሌለ ዳንጊሶ ሆት ዶግ አይሠራም፤ ሆት ዶግ ከሌለ ብርቅነሽ አትበላም።

ማክሰኞ ገበያ አይቆምም። አይብ ያለው እትዬ ዘርፌ ቤት ብቻ ነው።

"እንደምን አረፈዱ፣ እትዬ ዘርፌ? አይብ ይሽጡልኝ።"

"አይቡስ ነበረ፣ የምጠቀልልበት ኮባ አለቀብኝ እንጂ።"

"በፌስታል ያድርጉልኛ።"

"በፌስታል!" እትዬ ዘርፌ ወገባቸውን ያዙ። "የእኔ አይብ በፌስታል ወጥቶ አያውቅም! ያልበውና ዘርፌ የኮመጠጠ ሸጠች ታስብለኛለህ። ምን ልታደርገው ነው?"

"ሆት ዶግ ላይ ላደርገው።"

"ወይ ጉድ! ሆት ዶግማ ልጄም አብልታኛለች፤ በጥሬ ሽንኩርት ነው የሚጥመው። ለማን ነው?"

"ለራሴ ነው።"

"ለራስህ ከሆነማ ምን አስቸኮለህ! ኮባ ይዘህ ና።"

ወጋሶ ሄደ። ኮባ ከሌለ እትዬ ዘርፌ አይብ አይሸጡም፣ አይብ ከሌለ ዳንጊሶ ሆት ዶግ አይሠራም፤ ሆት ዶግ ከሌለ ብርቅነሽ አትበላም።

ጋሽ ላምቤቦ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጓሯቸው እንሰት ብቻ ነው። ወጋሶ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ጋሼ፣ አንድ የኮባ ቅጠል ይስጡኝ" አላቸው።

"ቅጠሉስ እንደምታየው ሞልቷል። በምን ልቁረጠው? ቢላዬ ሊሳል ሞራጁ ዘንድ ሄዷል።"

"በእጄ ልገንጥለው?"

"ተው አንተ! እኔ ያሳደግኩት እንሰት ይገነጠላል? ለምንህ ነው?"

"አይብ ልጠቀልልበት። አይቡን ሆት ዶግ ላይ ላደርገው።"

ጋሽ ላምቤቦ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰናፍጩ ዓይን ካላስለቀሰ ሆት ዶግ አይባልም። ለማን ነው?"

"ለራሴ ነው።"

"ለራስህ ከሆነማ ምን አስቸኮለህ! ቢላዬን አምጣልኝ።"

ወጋሶ ሄደ፣ አሁንስ በሩጫ ነው። ቢላ ከሌለ ጋሽ ላምቤቦ ኮባ አይቆርጡም፣ ኮባ ከሌለ እትዬ ዘርፌ አይብ አይሸጡም፣ አይብ ከሌለ ዳንጊሶ ሆት ዶግ አይሠራም፤ ሆት ዶግ ከሌለ ብርቅነሽ አትበላም።

ሞራጁ ኤርሚያስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ቢላ የሚስልበት ድንጋይ በእግር እየተረገጠ ነው የሚዞረው፤ ዛሬ ግን ቆሟል።

"ኤርሚያስ ወንድሜ፣ የጋሽ ላምቤቦን ቢላ ስጠኝ።"

"ግማሹን ስዬ ማዞሪያው ላስቲክ ተበጠሰብኝ።"

"በግማሹ ይሁን፣ ስጠኝ!"

"ግማሽ የተሳለ ቢላ ከእጄ አይወጣም። ስሜ ነው ይሄ! ግን ምን ሆነህ ነው ላብህ እንዲህ የሚወርደው?"

ወጋሶ ኮባውን፣ አይቡን፣ ሆት ዶጉን ነገረው። ኤርሚያስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ማዮኔዝ ምን በደለህ? ለማን ነው?"

"ለራሴ ነው አልኩህ!"

"ለራስህ ከሆነማ ምን አስቸኮለህ! ጎሚስታው ዘንድ ሂድና ላስቲክ አምጣልኝ።"

ወጋሶ ሄደ። ላስቲክ ከሌለ ኤርሚያስ ቢላ አይስልም፣ ቢላ ከሌለ ጋሽ ላምቤቦ ኮባ አይቆርጡም፣ ኮባ ከሌለ እትዬ ዘርፌ አይብ አይሸጡም፣ አይብ ከሌለ ዳንጊሶ ሆት ዶግ አይሠራም፤ ሆት ዶግ ከሌለ ብርቅነሽ አትበላም። ፀሐይዋም አናት ላይ ወጣች።

ጎሚስታው ቡሼ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ምሳው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዳንጊሶ ሆት ዶግ! ካቻፑ አገጩ ላይ ደርሷል፣ ሰናፍጩ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል።

"ቡሼ፣ ለኤርሚያስ ላስቲክ ቁረጥለት።"

"ላስቲክ ሞልቷል። ምሳዬን ልጨርስ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጋደም ልበል፣ ከዚያ እቆርጥለታለሁ።"

"አይሆንም! አንተ ላስቲክ ካልቆረጥክ ኤርሚያስ ቢላ አይስልም፣ ቢላ ከሌለ ጋሽ ላምቤቦ ኮባ አይቆርጡም፣ ኮባ ከሌለ እትዬ ዘርፌ አይብ አይሸጡም፣ አይብ ከሌለ ዳንጊሶ ሆት ዶግ አይሠራም!"

"ሆት ዶግ በአይብ? ኧረ በስመ አብ!" ቡሼ ምሳውን ከፍ አድርጎ አሳየው። "ሆት ዶግ ማለት ይሄ ነው፣ እይ! ለመሆኑ ያንን ጉድ የሚበላው ማን ነው?"

ወጋሶ ለራሴ ነው ሊል አፉን ከፈተ። የካቻፑ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ፤ ያጥወለውለኛል ያለችው ትዝ አለው። አራት ቀን ባዶ ሆዷን ተኝታለች። እሱ ደግሞ ከተማውን ሲዞር እኩለ ቀን ሆነ።

"ለብርቅነሽ ነው" አለ። "አምሯት ነው። እህል ከገባላት አራተኛ ቀኗ ነው። ለሰው አልናገርም ብዬ ምዬላት ነበር።"

ቡሼ የጎረሰውን ሳያላምጥ ዋጠው። "አምሮት ነው? አምሮት ነው ሳትል ምሳዬን እያየህ ትቆማለህ? ሰው እንዲህ ይጨክናል?" ሆት ዶጉን ጎማ ላይ ጥሎ ተነሳ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! ቡሼ ላስቲክ ቆረጠ፣ "አምሮት ነው!" እያለ ሮጠ። ኤርሚያስ፣ "ኧረ ሰውዬ፣ አምሮት ነው አትልም ነበር?" እያለ ቢላውን ሳለ። ጋሽ ላምቤቦ አንድ ቅጠል የተለመኑትን ሦስት ቆረጡ፣ ለምን አስቀድመህ አልነገርከኝም ብለውም ክፉኛ ተቆጡ። እትዬ ዘርፌ አይቡን ጠቀለሉ፤ አንዱን ጥቅል ሸጡ፣ ሌላውን መረቁለት፣ እንባቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ዳንጊሶ ዳቦውን ሰነጠቀ፣ ቋሊማውን አስገባ፣ አይቡን ከላይ አደረገ።

"ዳጣስ?" አለ ወጋሶ ደንግጦ። ለካ ዳጣውን ማንም አላሰበውም።

ዳንጊሶ ግራ ቀኙን አየ። ጎንበስ አለና ከጋሪው ሥር ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። "የራሴ ምሳ ነው፣ እናቴ ናት የምትልክልኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ለሰው እንዳትናገር።" ካቻፕና ሰናፍጭ ብሎ ያን ሁሉ የጮኸው ሰውዬ ቁርሱንም ምሳውንም በዳጣ ኖሯል የሚበላው!

ብርቅነሽ አንዴ ገመጠች። ወጋሶ ሳፋ ይዞ አጠገቧ ቆመ። ጠበቀ፣ ምንም አልመጣም። ሁለተኛ ገመጠች፣ ሦስተኛ ገመጠች፤ ጉንጯ ደም መሰለ። ወጋሶ ሳፋውን አስቀምጦ፣ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

"አንተ" አለች አፏን እንደሞላች። "ነገርክ አይደል?"

"ለቡሼ ብቻ ነው።"

"ለቡሼ ብቻ?"

"ቡሼ ለኤርሚያስ ነገረው። ኤርሚያስ ለጋሽ ላምቤቦ፣ ጋሽ ላምቤቦ ለእትዬ ዘርፌ፣ እትዬ ዘርፌ ለዳንጊሶ..."

"ዳንጊሶ ደግሞ መናኸሪያው በር ላይ ነው የሚውለው! ሶዶ በሙሉ ሰማ በለኛ!"

ወጋሶ አንገቱን ደፋ። ይኸኔ ከአጥሩ ውጭ ጉርምርምታ ተሰማ። ቡሼ ነው፣ ኤርሚያስ ነው፣ ጋሽ ላምቤቦ ናቸው፣ እትዬ ዘርፌ ናቸው፣ ዳንጊሶም ሽርጡን ሳይፈታ አለ። "ወጋሶ!" አሉ እትዬ ዘርፌ፣ "ተስማማት ወይ?"

ወጋሶ ሚስቱን አያት። ብርቅነሽ እጇ ላይ የቀረችውን ቁራሽ አየች፣ በሩን አየች፣ ሆዷን በመዳፏ ዳሰስ አደረገች። ከዚያ ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ስትፈራ የኖረችው ሴትዮ ራሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ተስማማኝ! ኑ ግቡ!" አለች።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ትንሽ ቆይታ ብርቅነሽ ባሏን በክንዷ ነካ አደረገችውና፣ "ወጋሶ፣ አንድ ይደገመኝ" አለችው።

ወጋሶ ቀና ብሎ ዳንጊሶን አየው። ዳንጊሶ ግን ለማን ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ብልቃጡን ይዞ ወደ ጋሪው ሮጦ ነበር።