ለማሽላ የተሠራ በር

አንድ ሰው ነበረ። ማሽላ ያመርት ነበር፤ እንደ አገሩ ልማድም እህሉን በጉድጓድ ያኖር ነበር። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ማሽላው ከገባ በኋላ አፉ በድንጋይ ይከደናል፣ በጭቃና በእበት ይመረጋል፣ አፈር ይለብሳል። ከላይ ሲያዩት ባዶ መሬት ነው፤ እንግዳ ሳያውቀው በላዩ ተራምዶ ያልፋል።

አንቺ ስመኝ፣ የጤና ጣቢያችሁ የሕሙማን መዝገብ በተቀመጠበት ሰርቨር ላይ እንደ ቤት ኮምፒውተር በማውስ እየነኩ የሚሠሩበት፣ ባለመስኮት ገጽ ይጫን ወይስ ይቅር ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴ ከዚህ ሰው ዘንድ ስላለ ታገሺኝ።

ሰውየው ታላቅ ወንድም ነበረው። ጉድጓድ የሚከፍት ሰው ክዳኑን አንሥቶ፣ የታመቀው አየር እስኪወጣ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ይህን በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ ወንድሙም ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ቸኮለና ወረደ። ሲያወጡት ሞቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውየው በጉድጓዱ አጠገብ ማለፍ ከበደው። የወንድሙ ሚስትና ልጆቿ በእሱ እጅ ወደቁ፤ የእነሱም እህል የሚቀመጠው በዚያው ጉድጓድ ነው። «ከእንግዲህ ከቤቴ ማንም በጨለማ አይወርድም» አለ። መከር ሳይገባ፣ ጉድጓዱ ባዶ ሳለ፣ ጎኑን አስፈለጠው። ደረጃ አስወረደ፣ የወይራ በር አስገጠመ፣ ከበሩ በላይ መስኮት አስወጣ፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር አስለሰነ፣ ቁጭ ብሎ የሚያይበት መደብም አሠራ። ደረጃው የጉድጓዱን ሆድ ስለ ወሰደው ከማሽላው ገሚሱ በጎተራ ቀረና ቀድሞ ተበላ።

ጎረቤቶቹ ሳቁበት። «ማሽላህን ልትድር ነው እንዴ? እልፍኝ ሠራህለት» አሉት።

«ሳቁ» አላቸው። «እኔ እህሌን አየዋለሁ። እናንተ ቀብራችሁ ተስፋ ታደርጋላችሁ።»

እውነቱን ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቶ ይወርዳል፣ ኩራዝ ያበራል፣ ማሽላውን በመዳፉ ይዳስሳል። ላዩ ላይ ነቀዝ ካገኘ ለቅሞ ይጥላል፤ ፊቱን በእጁ እያስተካከለ ይደለድለዋል። ከዚያ እፎይ ብሎ ይወጣል። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደው ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቶቹ ይሳቁ፤ እኔ በዚህ አልስቅበትም።

ግን ያላስተዋለው ነገር ነበረ። ወንድሙን የገደለው ያ አየር ነቀዙንም የሚገድል ነበር። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አይኖርም፤ እህሉ የሚቆየውም በዚሁ ነው። ሰውየው በሐዘኑ በር ከፈተ፤ በበሩ ንጹሕ አየር ገባ፤ በንጹሑ አየር ነቀዙ ኖረ። ክረምት ሲሆን ርጥበቱ በመስኮቱ ተከተለ።

በቀጣዩ ዓመት ዝናብ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ጉድጓድ ከፈተ። ማሽላው ጠቁሯል፣ ሽታም አበጅቷል፣ ነገር ግን ይበላል። የወንድሙ ሚስትም ስልቻዋን ይዛ መጣች። ሰውየው በደረጃው ቀድሟት ወረደ። ላዩ እንደ ወትሮው ያምር ነበር። እጁን እስከ ክርኑ ሲያስገባው ግን ዱቄትና ገለፈት ጨበጠ፤ ከዚያ በታች ሻጋታ ነበር።

ሴትየዋ መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«አታየውም ነበር?» አለችው።

«በየቀኑ አየው ነበር።»

«ታዲያ የምታየው ምኑን ነበር?»

ዱቄቱን ከክንዱ አራገፈ። ጎረቤት ከየጉድጓዱ ቀነሰላት፤ አልበቃም። ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ አገር ሄደች፤ ትንሿ ልጇ መንገድ ላይ ቀረች። ሰውየውን ማንም አልወቀሰውም። ያ ለእሱ ከወቀሳ የባሰ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከአንቺ በፊት የነበረው ባለሙያ ሰርቨሩ በጽሑፍ በሚታዘዝበት በዚያ ጥቁር ገጽ ላይ አንድ ትእዛዝ አሳስቶ ጽፎ የእናቶችን የክትትል መዝገብ እንዳጠፋ ነግረሽኛል። ከዚያ ወዲህ ገጹን ትከፍቺና ምንም ሳትጽፊ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ አንቺም በር ልትከፍቺ የተነሣሽው ከሐዘንሽ ነው።

ሰርቨሩ ያ ጉድጓድ ነው። ሥራው መያዝ ነው፤ ሲጠየቅም መስጠት። ባለመስኮቱ ገጽ ደረጃው ነው፤ የማሽኑን ሜሞሪ ተቀምጦ ይበላል። አብረውት የሚገቡት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ስንጥቅ ናቸው፤ ሌባ በዚያ ይገባል፣ አንቺም እነሱን ስትደፍኚ ትኖሪያለሽ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ያማረ ፊቱን አይተሽ ውስጡን ያየሽ ይመስልሻል።

«ታዲያ ሳላየው እንዴት ልመነው፣ እትዬ?» ትይኝ ይሆናል። መስኮቱን በራስሽ ጠረጴዛ፣ በራስሽ ኮምፒውተር ላይ አድርጊው። ከዚያ ሆነሽ ሰርቨሩን በትእዛዝ ጠይቂው፣ የሚመልስልሽንም አንብቢ። ከመንካትሽ በፊት ቅጂ አስቀምጪ፤ ቅጂውም በእርግጥ እንደሚመለስ ሞክሪው። የጻፍሽውን መስመር ሳትልኪው ቆም ብለሽ ድገሚና አንብቢው። ያ ባለሙያ የጎደለው ይህ ነው። መስኮት ቢኖረው ኖሮ በማውስ ያጠፋው ነበር።

የተጎዳበትን ነገር ከመማር ይልቅ ማስጌጥ የቀለለው ብዙ ሰው አውቃለሁ። አገርም እንዲሁ ሲያደርግ አይቻለሁ። ፍርሃትሽን እኔ አልወስድልሽም፤ ይዘሽው ሥሪ። ነፍሰ ጡሯ ሩቅ መንገድ ተጉዛ ስትመጣ የምትጠይቅሽ ካርዷ እንዳለ ብቻ ነው። ባለፈው ለመጣችው፣ ካርዷ ከመዝገቡ ጋር ለጠፋባት፣ ምን ብለሽ እንደ መለስሽላት አንቺ ታውቂያለሽ።