ከካፖርት የተቆረጡ ኮከቦች

አንዲት አስካለ የምትባል ባለሙያ ሴት፣ ብርድ በማይለቃት የደጋ ከተማ ከሽማግሌ አባቷ ጋር ትኖር ነበር። ከመቀሷ የሚያመልጥ አሮጌ ልብስ አልነበረም። የጠበበ ሹራብ ኮከብ ይሆናል፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ አሻንጉሊት ይሆናል፣ ብል የበላው የአንገት ልብስ ደግሞ በገና ዛፏ ላይ ይጠመጠማል። ጎረቤት በየገናው እየመጣ ያደንቅላታል፤ እሷም አድናቆት አትጠላም።

አንድ ዓመት ገና ሲቃረብ ሣጥኗን ስትበረብር የአባቷን ግራጫ የሱፍ ካፖርት አገኘች። «አባባ እንደሆኑ ከቤት መውጣት ትተዋል፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችና ቆራረጠችው። ከሱፉ ኮከቦች፣ ከቀዩ ገበር ደወሎች ወጡ። ቁልፎቹንም በክር አንጠለጠለቻቸው። አባቷ እዚያው ቤት፣ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጠው ነበር። ልጠይቃቸው አላለችም።

በገና ዕለት እንግዶች ዛፉን ከበው ሲያደንቁ፣ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ አቶ ተሰማ ገቡ።

«ተነስ እንጂ አንተ ሰው! የገና ጨዋታው ሊጀመር ነው። ያላንተ ማን ይዳኛል?»

የሽማግሌው ፊት በራ። ብድግ አሉና፣ «አስካለ፣ ያንን ካፖርቴን ሰፋሽልኝ?» አሏት።

አስካለ ክው አለች። ለካ ብርዱ ሲብስ እጅጌው ተተርትሮ «ስፊልኝ» ብለው ሰጥተዋት፣ «ነገ» ብላ ሣጥን ውስጥ ከትታው ኖሯል! አባቷ ከቤት የቀሩት እርጅና ይዟቸው አልነበረም፤ ካፖርታቸውን እየጠበቁ ነበር። ላለማስቸገር ብለው ደግመው አልጠየቋትም።

ሽማግሌው ካፖርቱን በዓይናቸው ሲፈልጉ ዛፉን አዩ። ቁልፎቻቸውን ዐወቋቸው።

«ያምራል ልጄ፤ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። «አንተ ሂድ ተሰማ። ደረቴ ነፋስ አይችልም።»

አስካለ ጋቢ ልትደርብላቸው ብትሞክርም፣ «ይቅር ልጄ፣ ለከርሞ ያድርሰን» አሏት።

በዓሉ እንዳለፈ ቁርጥራጩን ሰብስባ ልትገጣጥም ሞከረች። ኮከብ ተገጣጥሞ እጅጌ አይሆንም። እያለቀሰች ሄዳ አዲስ ካፖርት ገዛችላቸው። በፋሲካ ሰሞን ግን አቶ ተሰማ ሞቱ።

በተከታዩ ገና አባቷ አዲሱን ካፖርት እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በር በሩን እያዩ ዋሉ። «ተነስ እንጂ» የሚላቸው ሰው አልመጣም።

ወገኖቼ፣ አሮጌውን አሳምሮ ለበዓል ማዋል መልካም ሙያ ነው። ነገር ግን «አይፈልጉትም» ከማለታችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ። ሽማግሌዎቻችን አንዴ ጠይቀው ዝም ሲሉ የተዉት ይመስለናል። አልተዉትም፤ እየጠበቁን ነው። ያለፈባቸውን ቀን ደግሞ ገዝተን አንመልስላቸውም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አንድ ጊዜ ለምኗችሁ ዝም ያለ ሰው ቤታችሁ ውስጥ የለም?