የፊቱ ረድፍ

አንድ ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ኩባንያ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወርዶፋ ሰኞ ሰኞ ሠራተኞቹን አዳራሽ ሰብስበው ስለ ታማኝነት ያስተምሩ ነበር። አንደበታቸው ማር ነው፤ ሰምቶ እንባ የሚያብስም አልጠፋ።

ታዲያ አንድ ዓመት ኩባንያው ከሰረ። ኦዲተር ሊመጣ ሲል አቶ ወርዶፋ መጋዘኑን አስደረደሩ፤ ከፊት አንድ ረድፍ ሰሊጥ፣ ከኋላ ሰጋቱራ የተሞላ ጆንያ። ጆንያውን የምታስደረድረው ብርነሽ የምትባል ሠራተኛ ነበረች።

“ጋሼ፣ ኧረ ይሄ ነገር ደግ አይደለም” አለቻቸው።

“ዝም ብለሽ አስደርድሪ። ለአንድ ዓመት ነው፤ ለከርሞ እንሞላዋለን።”

ኦዲተሩ የፊቱን ረድፍ ቆጠረ፣ በኋላው አባዛ፣ ፈርሞ ሄደ። እንዳሉትም በቀጣዩ ዓመት ዋጋው ተወደደና ጉድለቱ ተሞላ። አቶ ወርዶፋ ተጨብጭቦላቸው ጡረታ ወጡ። በወንበራቸው ብርነሽ ተተካች።

እሳቸውም የሰፈራቸው እድር ሊቀመንበር ሆኑ። “እኔ ያሳደግሁት ኩባንያ ነው” ብለው በእድሩ ገንዘብ አክሲዮን አስገዙ። ሟች የሚቀበርበት ገንዘብ ነው።

በዓመቱ የኩባንያው ሪፖርት ትርፍ በትርፍ ሆኖ መጣ። እድርተኛው ደስ አለው፤ አቶ ወርዶፋ ግን እንቅልፍ አጡ። የዚያን ዓመት ሰሊጥ ያለጊዜው የመጣ ዝናብ እንዳበላሸው ያውቃሉ። ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ግቢውን ይዞራሉ። ለማን ይናገሩ? “እርስዎ በምን ጠረጠሩ?” ቢባሉስ?

አላስችል ሲላቸው መጋዘኑ ድረስ ሄዱ። ብርነሽ ከወንበሯ ተነስታ ተቀበለቻቸው። እሳቸው ግን የእህል መፈተሻውን ብረት አንስተው የፊቱን ረድፍ አለፉና የኋላውን ጆንያ ወጉት። ሰጋቱራ ፈሰሰ።

ብረቱን ወረወሩት። “የቀብር ገንዘብ ነው እኮ! ሰኞ ሰኞ ያን ሁሉ ያስተማርኩሽ የት ገባ?”

“እሱንማ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ እኔም ሰኞ ሰኞ አስተምረዋለሁ” አለች ብርነሽ። “እዚህ መጋዘን ውስጥ ያስተማሩኝን ደግሞ እሠራበታለሁ። አይጨነቁ ጋሼ፣ ለአንድ ዓመት ነው፤ ለከርሞ እንሞላዋለን።”

አቶ ወርዶፋ ቤታቸው ሲደርሱ እድርተኞች በር ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ጎረቤት ሞቷል፤ የቀብር ገንዘብ ፈልገው ነው።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ሥነ ምግባር አስተማርን ብለን ምስክር ወረቀት የምናድል ሰዎች ይህን እንወቅ፤ የሥራ ባልደረባ ንግግራችንን ያደምጣል፣ የሚማረው ግን እጃችን ሲሠራ ያየውን ነው።

ወዳጄ፣ የአንተ የኋላ ረድፍ ዛሬ ቢወጋ ምን ይፈሳል?