ክዳን ሰፈር ስሙን እንዴት አገኘ

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ክዳን ሰፈር፣ የድስት ክዳን በእጁ ይዞ የሚጣደፍ ሰው ያየ እንግዳ፣ ነካ ያደረገው መስሎት መንገድ ይለቅለታል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያሳልፈዋል እንጂ እንዴት አደርክ እንኳ አይለውም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ሰፈሩ ከጥንትም ሁሉ ነገር ከደጃፍ የሚገኝበት ነበር። ወፍጮው፣ ሱቁ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሳይቀር እርስ በርስ ይተያያሉ። ችግሩ ሰላምታው ነበር ይባላል። ሳይጠያየቁ መተላለፍ ነውር ስለሆነ፣ ጠዋት ጨው ሊገዛ የወጣ አባወራ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ አማቹ ወንድም ጉልበት ሲጠየቅና ሲጠይቅ ውሎ ጨውን ለራት ያደርሳል። ጨው ከሩቅ ገበያ በበቅሎ ያስመጣ ሰው ቀድሞት ይገባ እንደነበር የሚምሉ አሉ።

በዚያ ዘመን ስንዱ የምትባል የሰፈሩ ተወላጅ ታፈረ የሚባል የወንዝ ማዶ ልጅ አግብታ ነበር። የታፈረ እናት እማማ ዘርትሁን፣ ልጃቸው ምሳውን ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚበላ ሰምተው መጡና፣ «ዛሬም ምሳው ካመሸ ሁለታችሁንም ጠቅልዬ ማዶ እወስዳችኋለሁ» ብለው ማሉ። ማዶ ደግሞ ለአንድ ጭብጥ ጨው ወንዝ ይሻገሩበታል።

ስንዱ ድስቱን ከፍታ ወጡን ብትቀምስ ጨው የለውም፤ የጨው ዕቃውን ብታራግፍ ባዶ ነው። በርራ ወጣች። ከመታጠፊያው ላይ ግን ባላምባራስ ይመር ቆመዋል፤ የእሳቸው ሰላምታ እንደ ሁዳዴ ነው፣ ቀኑ ሳይሞላ አይፈታም።

«ስንድዬ! እንዴት አደርሽ? ታፈረስ? አማትሽ ገቡ አሉ፣ በቅሏቸውስ እንዴት ሰነበተች?»

ጥላቸው ብታልፍ አሳዳጊ የበደላት ልትባል ነው፤ ብትቆም ማዶ መሄዷ ነው። ያን ጊዜ ነው አሉ፣ በችኮላ ሳታስቀምጠው የወጣችውን ክዳን በእጇ ያየችው። ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ባላምባራስ፣ ድስቱ ክፍት ነው እኮ!»

«እሳት ላይ?»

«እሳት ላይ!»

«ታዲያ ምን ያስቆምሻል፣ አንቺ! ኧረ መንገድ ልቀቁ!» ብለው ከዘራቸውን አነሱ። ቃሉ ካፍ ወዳፍ ሲሄድ መንገዱ ተከፈተ፤ «ጨው!» ስትል ከሩቅ የሰማት ባለሱቅም ጨውን ደጅ ድረስ ይዞ ወጥቶ ጠበቃት። ወጡ ገና ሲንተከተክ ደረሰች።

«ልጄ፣ ጨው ከጓሮ ነው እንዴ የምትለቅሙት?» አሉ እማማ ዘርትሁን፤ ምሳውንም በልተው መረቁ። ከዚያም የማዶ ቤታቸውን ትተው ከምራታቸው አጥር ጥግ ጎጆ ቀለሱ። ስንዱ በሰፈሩ ቅርበት ያዘነችው ጎጆው የቆመ ቀን ብቻ ነው ይባላል።

ባላምባራስም፣ «ክዳን የያዘን ሰው ያቆመ፣ ያረረውን እሱ ይብላ» ብለው ደነገጉ።

ዛሬም አዲስ ጎረቤት ሲገባ ክዳን ይሰጠዋል፤ ድስቱን ራሱ ይፈልግ። በዕድር ስብሰባ ቀን ምድጃ ያልለኮሱ ሰዎች ሁሉ ክዳን ይዘው ሲጣደፉ ይታያሉ የሚባለውን ሽማግሌዎቹ አያምኑም። በቅርቡ ግን ሜትር የያዙ ባለሙያዎች መጥተው፣ «አባቶች፣ ከዚህ እስከ ሱቁ በእግር ምን ያህል ይፈጃል?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሁሉም የሚበልጡት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«በክዳን ነው ያለ ክዳን?» አሉ።