ቫልቩ ያለ መቀስ አልመጣም አለ

ተረት ስላችሁ «ጆሯችን ክፍት» በሉኝ፤ የላሚቱ በረት ከጉለሌ ከፈረሰ ቆይቷል።

በዚያው በጉለሌ ዋሴ የሚባል ጡረተኛ ነበር። ዕድሜውን በሲኒማ ቤት ድምፅ ክፍል የፈጀ ሰው ነው። ሚስቱ ትብለጥ ትባላለች። የትብለጥ ጆሮ ቀስ በቀስ ሲከዳት ዋሴ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከአሮጌ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ፣ ከወዳደቀ ቴፕ ማይክ፣ ከብስኩት ቆርቆሮ አንድ ማጉያ ሠራላት። ማጉያው አናት ላይ ቫልቭ የሚሉት ጣት የሚያክል የመስታወት አምፖል ተሰክቷል። ቫልቩ ሲግል ድምፁ ይጎላል፤ ትብለጥም የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃ ማይኩ ፊት የተባለውን ሁሉ ትሰማለች። ቫልቩ ከሌለ ማጉያው ተመልሶ የብስኩት ቆርቆሮ ነው።

ዋሴ ታዲያ አንድ አመል ነበረው፤ ቫልቭ መቀያየር ይወዳል። ይሄኛው ያሻክራል፣ ያኛው ያለሰልሳል እያለ ደህና የሚሠራውን ይነቅልና ሌላ ይሰካል። በሱቅ የሚሸጥ ቫልቭ ዋጋው ለጡረተኛ ጆሮ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ምናለሽ ተራ እየወረደ ከተጣለ ሬዲዮ ውስጥ ይለቅማል። «አንተ ደህናውን ነገር ካልነካካህ እጅህ አያርፍም» ትለዋለች ትብለጥ። እሱም ይስቃል።

አንድ ቀን ልጃቸው ሰናይት ሴት ልጅ ተገላገለች። በማግስቱ ከሰዓት ከሆስፒታል ወጥታ እናቷ ቤት ልትታረስ ነው ተባለ። ትብለጥም ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የልጅ ልጇን ድምፅ መስማት። ሌላ ምንም አላማራትም።

ዋሴን ደስታ አላስቀምጥ አለው። ምናለሽ ተራ ያሉ ወዳጆቹ «የሩስያ ቫልቭ ድምፁ ማር ነው» ብለው አንድ ሰጥተውት ነበርና፣ ሲሉ ሰምታ እንደተባለችው ዶሮ፣ «የጨቅላ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ለእሱማ ማሩ ይገባዋል» አለ። የሚሠራውን ቫልቭ ከነትኩሳቱ ነቅሎ ያንን ሰካ። አልበራም። ጠበቀው፤ አልበራም። ደንግጦ የድሮውን ሊመልስ ሲያነሳው አቧራ አየበትና በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አደረገው። የጋለ መስታወት እርጥብ ጨርቅ እንደማይወድ ዋሴ ጠፍቶት አይደለም፤ ጥድፊያ ነው ያስረሳው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመው እንኳ አልተረፈውም። ቫልቩ ጠሽ ብሎ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ትብለጥ ስንጥቁን አየችው። አልተቆጣችም። ማዳመጫዋን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ዋሴን ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይሄ አመመው። ማጉያው ያለ ቫልቭ አልናገርም አለ።

ምናለሽ ተራ እንዲህ ያለ ቫልቭ የሚገኘው በዕድል ነው፤ ዋሴ ኮፍያውን አጥልቆ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሰይፉ ሄደ። በሰይፉ መደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ ሬዲዮ አለ፤ ዋሴ ራሱ ጠግኖት ስለሚያውቅ ሆዱ ውስጥ የዚያው ዓይነት ቫልቭ እንዳለ አልተጠራጠረም።

«ሰይፉ፣ ከሬዲዮህ አንድ ቫልቭ ስጠኝ።»

«እሰጥሃለሁ» አለ ሰይፉ፣ የደንበኛውን አንገት ወደ ታች ተጭኖ። «ግን መቀሴን ተመልከተው። ፀጉር መቁረጥ ትቶ መንጨት ጀምሯል። ነገ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ሊመጣብኝ ነው። እኔ ሱቅ ጥዬ አልሄድ። አስልተህ አምጣልኝና ቫልቩን ንቀል።»

«እውነቱን ነው፣ እየነጨኝ ነው» አለ አንገቱ የተደፋው ሰውዬ።

ማጉያው ያለ ቫልቭ አልናገርም አለ፤ ቫልቩ ያለ መቀስ አልመጣም አለ። ዋሴ መቀሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቢላ ወደሚስለው ወደ ከድር ሄደ።

ከድር አስፋልት ዳር ድንጋዩን አጠገቡ አቁሞ ቁጭ ብሏል። ድንጋዩ በእግር ነው የሚዞረው፤ ከመርገጫው ጋር የሚያገናኘው ጠፍር ነው። ጠፍሩ ደግሞ ለሁለት ተበጥሶ እንደ ሞተ እባብ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ጋሽ ዋሴ፣ ድንጋዬ በምኞት ቢዞር ኖሮ የእርስዎን በነፃ እስልልዎት ነበር» አለ ከድር። «ጠፍሩን አሰፍተው ያምጡልኝ፤ መቀሱ የዚያን ጊዜ ፂም ይላጫል።»

ማጉያው ያለ ቫልቭ አልናገርም አለ፤ ቫልቩ ያለ መቀስ አልመጣም አለ፤ መቀሱ ያለ ድንጋይ አልሳልም አለ፤ ድንጋዩ ያለ ጠፍር አልዞርም አለ። ዋሴ ጠፍሩን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዳገቱን ወጣ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ጫማ ሰፊው ጋሽ በዛብህ አሉ። ጋሽ በዛብህ ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራ ሲፈቱ ይነጫነጫሉ፤ በዚያን ቀን ሥራ ፈተው ነበር።

«ጠፍር መስፋት ለእኔ ምንድን ነው?» አሉ። «ወስፌዬ ግን ጠዋት ተሰበረች። የገበያውን ወስፌ አታንሣብኝ፤ ቆዳ ገና ሳይነካ ይጎብጣል። እኔ ወስፌ የምሠራው ከጃንጥላ ሽቦ ነው። ከተሰበረ ጃንጥላ አንድ ሽቦ አምጣ። ድንጋይ ላይ አሹልና ጠፍርህን ዓይንህ እያየ እሰፋልሃለሁ።»

«ጃንጥላ ከየት ላምጣ፣ ጋሽ በዛብህ?»

«እኔ በጥር ጃንጥላ ልውለድልህ?»

ማጉያው ያለ ቫልቭ አልናገርም አለ፤ ቫልቩ ያለ መቀስ አልመጣም አለ፤ መቀሱ ያለ ድንጋይ አልሳልም አለ፤ ድንጋዩ ያለ ጠፍር አልዞርም አለ፤ ጠፍሩ ያለ ወስፌ አልሰፋም አለ፤ ወስፌውም ያለ ጃንጥላ አልሠራም አለ። ዋሴ ዳገቱን እየወረደ ጃንጥላ፣ ጃንጥላ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው። ለካ ጃንጥላው የገዛ አጥሩ ማዶ ነው! ጎረቤቱ አስካለች ክረምት ላይ ነፋስ የገለበጠባትን ጃንጥላ በረንዳዋ ላይ ሰቅላዋለች። ዋሴ እርምጃውን አፈጠነ።

አስካለች በረንዳዋ ላይ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችውና መልሳ ወደ ሰፌዷ አቀረቀረች።

«እትዬ አስካለች፣ እንደምን ዋሉ? ያንን የተሰበረ ጃንጥላ ፈልጌ ነበር። አንድ ሽቦ ብቻ።»

«አልሰጥም።»

«ምነው?»

«ሚስትዎን ይጠይቋት።» አስካለች አንድ ጠጠር አንስታ ወደ ግቢው ወረወረች። «ከፋሲካ ወዲህ ሰላምታዬን ትውጣለች። በአጥሩ ላይ እንዴት አደርሽ እላታለሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብሷን ታሰጣለች። መንገድ ላይ እንዴት ዋልሽ እላታለሁ፤ ዝም ብላኝ ታልፋለች። ምን በደልኳት? ሰላምታ የእግዜር ነው፤ ለጠላት እንኳ ይመለሳል። ሰላምታዬን ትመልስልኝና ጃንጥላውን ከነእጀታው ይውሰዱት።»

ትብለጥ ኩሩ ናት። ጆሮዋ መክዳቱን ከዋሴና ከሰናይት በቀር የሚያውቅ የለም። «ደንቆሮ ከምባል ኩራተኛ ብባል ይሻለኛል» ብላ ለማንም እንዳይናገር አስምላዋለች። ቢናገር መሐላውን ማፍረሱ ነው። ዝም ቢል ነገ ጨቅላዋን ታቅፋ ከንፈሯን ብቻ ስታይ ልትውል ነው። ያቺ መሳቢያ ውስጥ የገባች ማዳመጫ ታየችው። ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ አስካለች፣ ትብለጥ ሰላምታዎን እንድትመልስ መስማት አለባት። እንድትሰማ ማጉያው መናገር አለበት። ማጉያው ያለ ቫልቭ አልናገርም አለ፤ ቫልቩ ያለ መቀስ አልመጣም አለ፤ መቀሱ ያለ ድንጋይ አልሳልም አለ፤ ድንጋዩ ያለ ጠፍር አልዞርም አለ፤ ጠፍሩ ያለ ወስፌ አልሰፋም አለ፤ ወስፌው ያለ ጃንጥላ አልሠራም አለ፤ ጃንጥላውም ያለ ትብለጥ ሰላምታ አልወርድም አለ። እኔ እንግዲህ በየት በኩል ልግባ?»

አስካለች ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች።

«አትሰማም?»

«አትሰማም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ሰሞን ወዲህ ነው የባሰባት። ለሰው እንዳልናገር አስምላኝ ነበር።»

አስካለች አፈረች፤ ማፈሯንም አልደበቀችም። «እኔ እኮ ንቃኝ ነው ብዬ በየቡናው ስሟን ሳነሳ ከረምኩ» አለች። «ጀርባዋን ለሰጠችኝ ሰው፣ ዞር ብዬ ፊቷን ማየት አቅቶኝ።» ከዚያ ተነሣችና ጃንጥላውን ከምስማሩ ላይ አወረደች። ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንዱን ሽቦ ቀጭ አደረገችው። «ይሂዱ፣ አይቁሙ። ጋሽ በዛብህ በጊዜ ነው የሚዘጉት።»

አሁን ሩጫውን ተከተሉኝ። ጃንጥላው ያለ ሰላምታ ወረደ። ሽቦው ዳገቱን ወጣ፤ ጋሽ በዛብህ እየተነጫነጩ ድንጋይ ላይ አሾሉት፤ ወስፌ ሆነ። ወስፌው ጠፍሩን ሰፋ። ጠፍሩ ዳገቱን ወረደ፤ ከድር መርገጫውን ረገጠ፤ ጠፍሩ ድንጋዩን አዞረ። ድንጋዩ መቀሱን ሳለ። መቀሱ በማግስቱ ጠዋት፣ ሙሽራው ወንበሩ ላይ ገና ሳይቀመጥ፣ ሰይፉ እጅ ገባ። ሰይፉም በአየር ላይ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ሞከረውና «ንቀል» አለ። ዋሴ ቫልቩን ነቅሎ በመሐረብ ጠቀለለው፤ እንደ እንቁላልም በሁለት እጁ ይዞት ሄደ።

ቤት ሲደርስ ሰናይት መጥታለች። ከሰዓት የተባለችውን ሐኪሞቹ ቀድመው ለቀቋት። አልጋው ላይ ጋደም ብላለች፤ ትብለጥ ጨቅላዋን ታቅፋ ጎኗ ተቀምጣለች። ወዲያው አስካለች የገንፎ እህል ይዛ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች ገባች። ነገሩ በምን እንደሚያልቅ ማየት ያማራቸው ከድርና ጋሽ በዛብህም ተከተሉ። ትብለጥ አስካለችን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ዋሴን አየችው። ዋሴ መሬት መሬት አየ። ምስጢሯ መውጣቱን ከዚያ አወቀች፤ ግን ልጅ ታቅፋ ነበርና ኩርፊያውን ለሌላ ቀን አቆየችው።

ዋሴ ቫልቩን ሰካ። ማዳመጫውን ከመሳቢያው አውጥቶ ጆሮዋ ላይ አጠለቀላት፤ ማይኩን ጨቅላዋ አጠገብ አስቀመጠ። ቫልቩ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ እንደጠቆረ ቆየ። ቀጥሎ ሆዱ ውስጥ እንደ ፍም ያለች ነጥብ ቀላች። ጋሽ በዛብህ እንኳ መነጫነጭ አቆሙ።

ጨቅላዋ ግን ተኝታለች። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ልጅት ማልቀስ አላማራትም። ከድር «ቆንጠጥ ብናደርጋትስ?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ፤ ሰናይት በዓይኗ መለሰችለት። ዋሴን ላብ አጠመቀው። የሰይፉ ቫልቭ ይሥራ አይሥራ አያውቅም። ትብለጥን ልጠይቃት ቢል ፈራ፤ አልሰማም ካለችው ሌላ የሚሄድበት ዳገት የለውም። እሷ ልጅቷን ብቻ ታያለች፤ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ልጅቷ አፍንጫዋን ኮምተር አደረገች። ከንፈሯን አሞጠሞጠች። ከዚያ አነጠሰች፤ በሩ አጠገብ የቆመው ከድር ያልሰማት፣ የድመት ግልገል የምታክል ማነጠስ ናት።

ከሁሉም ቀድማ ትብለጥ «ይማርሽ» አለች።

ጨቅላ «ያኑርሽ» ብላ አትመልስ ነገር። ትብለጥ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዙሪያዋን አየች። ያኔ አስካለች ጎንበስ ብላ ወደ ማይኩ ተጠጋችና በልጅቷ ፈንታ «ያኑርሽ» አለቻት።

ትብለጥ ዞረች። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤቷን በድምፅዋ ለየቻት።

«አስካለች፣ እንዴት አደርሽ?» አለቻት።

ተረቴ ይቺው ናት። ዳቦው ቢቀር ውሃ አጠጡኝ፤ ያን ሁሉ ሰንሰለት ስደጋግም ጉሮሮዬ ደርቋል።