ለአንድ ዓይን የሚሆን የበረዶ መነጽር

ተረቴ አጭር ነው፤ የሚያረዝመው ሰው ነው። ስሙኝ።

በአንድ ደጋ አገር አዛናው የሚባል የጂኦግራፊ መምህር ነበረ። ያለው ዓይን አንድ ነው። በወጣትነቱ ብርድ አገር ሄዶ ሲማር፣ እግርን ከጣውላ ጋር አስሮ በበረዶ ቁልቁል መንሸራተት ለመደ፤ ስኖውቦርድ ይሉታል። ከዩኒቨርሲቲው እሱን የሚቀድም አልነበረም። በውድድሩ ቀን ግን አሠልጣኙ የበረዶ መነጽሩን ከእጁ ወስዶ ለአንድ ባለሥልጣን ልጅ ሰጠ። «አንተ ጎበዝ ነህ፤ ያለሱም ትችላለህ» አለው። አዛናው ያለ መነጽር ወረደ፤ አንደኛም ወጣ። ነጸብራቁ ግን ዓይኖቹን አቃጠላቸው፤ የግራው ቆስሎ መረቀዘና ጠፋ። ሐኪሙም «ዳግመኛ ያለ መነጽር በረዶ ላይ ብትወጣ ቀኙም ይከተላል» አለው። ሰዎች «ዓይኑን በረዶ አጠፋው» ይላሉ። በረዶ ምን አደረገ?

በዚያ ደጋ በረዶ ተራራውን የሚያለብሰው በሰባት ዓመት አንዴ ነው፤ ያውም ፀሐይ እስክትወጣ። አዛናው ስድሳ አንድ ዓመት በሞላው ዓመት፣ አንድ ማለዳ በሩን ቢከፍት ተራራው ነጭ ሆኗል፤ ጉም ተኝቶበታል። ከጽድ ሳንቃ የጠረበውን ጣውላ ከግድግዳ አወረደ። ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች መውረድ ፈለገ። የጎደለው መነጽር ነው። መነጽርማ ነበረ። እንግዶች ለስፖርት ማኅበሩ ትተዋቸው የሄዱ ሦስት የበረዶ መነጽሮች መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፦ ቢጫው ለጉም፣ ጥቁሩ ለፀሐይ፣ ሰማያዊው ለመካከሉ።

አዛናው ወደ መጋዘን ጠባቂው ወደ ቸኮለ ሄደ። ቸኮለ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ እሳት ይሞቃል።

«ቸኮለ፣ መነጽሮቹን አሳየኝና አንዱን ልምረጥ።»

«ለማየትም፣ ለመምረጥም ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። ደግሞስ አንድ ዓይን ያለው በአፈር ይጫወታል እንዴ?»

«አፈር አይደለም፤ በረዶ ነው።»

«እሱም ሲቀልጥ አፈር ነው» አለና እሳቱን ቆሰቆሰ።

ቸኮለ ያለ ማኅተም መጋዘን አይከፍትም፤ አዛናውም ያለ መነጽር በረዶ ላይ አይወጣም።

ወደ ጸሐፊዋ ወደ ጥሩዬ ሄደ። ጥሩዬ ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ይዛዋለች፤ ቀለሙን ብርድ እንዳይመታው ነው።

«ጋሼ፣ ለእርስዎማ ግንባሬ ላይም እመታለሁ፤ ግን ፊርማ ላይ ካልሆነ ምን ላይ ልምታው?»

ጥሩዬ ያለ ፊርማ ማኅተም አትመታም፤ ቸኮለ ያለ ማኅተም መጋዘን አይከፍትም፤ አዛናውም ያለ መነጽር በረዶ ላይ አይወጣም።

ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ሙላው ሄደ። ሙላው የአዛናው ተማሪ ነበረ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ወንበሩን አመቻችቶ፣ መልሶ ተቀመጠበት።

«መምህር፣ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ደንብ ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው። ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። ቃለ ጉባኤ ደግሞ ሦስት ሰው ይፈልጋል። እኔ አለሁ፣ ጥሩዬ አለች፣ ሦስተኛው አባል ጋሼ እንየው ግን ከማዶ ናቸው።»

«ቀለል አድርገህ ብትፈርምስ? በረዶው እስከ ቀትር እንኳ አይቆይም።»

«ይኸውልዎ፣ በረዶው ራሱ ደንብ አለው!» አለ ሙላው ደስ ብሎት።

ሙላው ያለ ቃለ ጉባኤ አይፈርምም፤ ጥሩዬ ያለ ፊርማ ማኅተም አትመታም፤ ቸኮለ ያለ ማኅተም መጋዘን አይከፍትም፤ አዛናውም ያለ መነጽር በረዶ ላይ አይወጣም።

ግን ጋሼ እንየው ያሉት ከበረዶው ማዶ ነው። አዛናው ነጸብራቁ እንዳያገኘው ነጠላውን አጥፎ ደኅነኛ ዓይኑን አሰረና ጣውላውን እንደ ምርኩዝ እየተመረኮዘ፣ መሬቱን በእግሩ እየዳሰሰ ተሻገረ። ሊንሸራተትበት ያለመውን በረዶ እንደ ዕውር አለፈው። ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ጋሼ እንየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፍ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ጉልበቴን ታውቀዋለህ። እመጣ ነበር፤ በበቅሎ ነው የምመጣው። እሷ ደግሞ ይቺውልህ።»

በቅሎዋን ጎተቷት። አንድ ኮቴዋን በረዶው ላይ አሳረፈች፤ አሸተተችው፤ ኮቴዋን መለሰች። በምርቃትም በስድብም አልተነቃነቀችም።

«እንግዲህ በረዶው ይቅለጥ» አሉ ጋሼ እንየው። «በረዶውን ፀሐይ ታቅልጠው። ፀሐይን ጉሙ ይልቀቃት። ያኔ ቁሙ ብትለኝ እንኳ አልቆምም።»

«ጋሼ፣ በረዶው ከቀለጠ መነጽሩ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሼ እንየው ትንሽ አሰቡ። «እሱን ስብሰባው ላይ እናነሣዋለን» አሉ።

ፀሐይ ጉም ሳይለቃት አትወጣም፤ በረዶው ያለ ፀሐይ አይቀልጥም፤ በቅሎዋ በረዶ አትረግጥም፤ ጋሼ እንየው ያለ በቅሎ አይመጡም፤ ቃለ ጉባኤው ያለ ጋሼ እንየው አይጻፍም፤ ሙላው ያለ ቃለ ጉባኤ አይፈርምም፤ ጥሩዬ ያለ ፊርማ ማኅተም አትመታም፤ ቸኮለ ያለ ማኅተም መጋዘን አይከፍትም፤ አዛናውም ያለ መነጽር በረዶ ላይ አይወጣም።

አዛናው ጣውላው ላይ ተቀመጠ። ከማለዳ ጀምሮ ሰውን ሲለምን ነበር፤ አሁን ጉሙን ለመነ። «ጉም ሆይ፣ እባክህ አንተ እንኳ ቆይልኝ» አለ። ተንቀሳቀሱ ያላቸው ሁሉ ቆመዋል። ቆይ ያለው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ጉሙ ተገፈፈ፤ ፀሐይ ወጣች፤ በረዶው ቀለጠ፤ በቅሎዋ ተራመደች፤ ጋሼ እንየው መጡ፤ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ሙላው ፈረመ፤ ጥሩዬ ማኅተሙን መታች፤ ቸኮለ መጋዘኑን ከፈተ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ለካ መንገዱ አጭር ነበር።

ቸኮለ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ሦስቱን መነጽሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «ምረጥ እንግዲህ፤ ማን ያስቸኩልሃል?»

አዛናው ጥቁሩን አደረገና በመስኮት ተራራውን አየ፤ ጥቁር ነው። ሰማያዊውን አደረገ፤ ያው ድንጋይና ጭቃ ነው። ቢጫውን መረጠ።

«ቢጫው የጉም ነው እኮ፤ ጉሙ ሄደ» አለው ቸኮለ።

«አውቃለሁ።»

ወረቀቱ ላይ «በዕለቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተመላሽ» ይላል። አዛናው ሕግ አክባሪ ነው፤ በአሥር ሰዓት ተኩል መነጽሩን ይዞ ተመለሰ። ቸኮለ ግን እጁን አልዘረጋም።

«የመመለሻ ወረቀትህስ?»

«መልሼልህ ልሂድ እንጂ!»

«ያለ ማኅተም አልረከብም። ለማኅተሙ ፊርማ፣ ለፊርማው ቃለ ጉባኤ፣ ለቃለ ጉባኤው ጋሼ እንየው...»

«ጋሼ እንየውስ?»

«አሁን ተሻግረው ሄዱ። ዛሬ ሁለተኛ አልመጣም ብለዋል፤ በቅሎዋ ደክሟታል።»

አዛናው ቸኮለን በአንድ ዓይኑ አየው። የሚስቅ መስሎ ነበር፤ አልሳቀም። መነጽሩን ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ሄደ። ጣውላውን ግድግዳው ላይ መለሰው፤ መነጽሩን ከጎኑ ምስማር ላይ ሰቀለው። የመመለሻውን ወረቀት አልጠየቀም፤ የጠየቀውም የለም። በረዶ ዳግመኛ የሚወርደው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው፤ ያኔ አዛናው ስድሳ ስምንት ይሞላዋል። ማታ ማታ በሩን ከመዝጋቱ በፊት የተራራውን ጫፍ ያያል።

እኔም ተረቴን መልሱልኝ አልላችሁም፤ ማኅተም ያለው ወረቀት የላችሁም።