በፈረስ የመጣው ተወዳዳሪ

«ፈረስህን በልጓም፣ አፍህን በጸሎት ያዝ» ይሉት ነበር የሻለቃ ደምመላሽ አባት። ሻለቃው ፈረሱን መያዝ አላቃተውም፤ ሃያ ዓመት የፈረሰኛ ጦር አዝዟል። አፉን ግን እግዜር ይወቅለት። ጡረታ ወጥቶ ለፓርላማ ሲወዳደር፣ ባጌጠ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ገበያ መሃል ገባና ሕዝቡን ሰበሰበ።

«ከመረጣችሁኝ እንደዚህ እንደ ፈረሴ አድርጌ ነው የምይዛችሁ!» አለ።

ሕዝቡ እልል አለ፤ ፈረሱ ብቻ ጆሮውን ጣለ። ሻለቃው ፓርላማ የገባ መሰለውና «የሚጠራጠረኝ ካለ ይውጣና ፊት ለፊት ይናገር!» ብሎ ፎከረ።

አንድ የማያውቀው ገበሬ ወጣ። እጅ ነሣና ፈረሱን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ጌታዬ፣ እኛ ፈረስ የምንገዛው ኮርቻው ወርዶ ነው፤ ገጣባው ያለው እዚያ ሥር ነዋ! እስቲ ይውረዱልንና የዚህን ጀርባ አይተን እንምረጥዎ።»